ፊንባር ትሬሲ የተወው አንጓ

በዚያ ነሐሴ አክስቴ ዩና አንድ እግር ጫማዋን ከዳቦው ጋር ድስት ውስጥ ከታ ፍም ላይ ጣደችው። የቆዳው ቃጠሎ ቤቱን ሲሞላው እናቴ ሮጣ በመቆንጠጫ አወጣችና ደጅ ወረወረችው፤ ዶሮዎቹ እየጮሁ ተበተኑ። አክስቴ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ንቅንቅ ሳትል፣ «ምን ያስጮኻችኋል? ፌሊም ከባሕር ሲመጣ እግሩ ይበርደዋል፤ ላሙቅለት ብዬ እኮ ነው» አለች።

ፌሊም ወንድሟ ነበር። ባሕር ከበላው ሃምሳ ዓመት ሆኖታል።

እናቴ መቆንጠጫውን እንደያዘች አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ሁለቱንም አየሁና ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴ ዩና መንታ መንገዱ ላይ፣ በቄሱ፣ በመምህራችንና ከደብሊን በሚመጣው የሬዲዮ ሰው ፊት ልትዘፍን ነበርና።

አክስቴ እላታለሁ እንጂ የአባቴ አክስት ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ የኖረችው ከኛ ጋር ነው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጠኝና፣ ማበጠሪያውን ውኃ እያስነካች፣ የእናቷን ሙሾ እያንጎራጎረች ጸጉሬን ታበጥርልኛለች። ሙሾውን እናቷ ያወጣችው ለፌሊም ነው። እንዲህ ይጀምራል፦

ድንቹ ከምድጃ ወጥቶ ሳይበርድ ገና፣
ልጄ ብድግ አለ ባሕር ጠራውና።

ዜማውን ዛሬ የማያውቀው የለም። ሠርግ ቤትም፣ መጠጥ ቤትም፣ ኳስ ሜዳም ይዘፈናል። የሚዘፈነው ግን በኛ ቋንቋ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለቤቱም ፊንባር ትሬሲ ይባላል። ፊንባር የመንታ መንገዱ ባለሱቅ ልጅ ነበር። ተምሮ ገጣሚ ከሆነ በኋላ በብስክሌት ወደ አገሩ ተመለሰና ከደጅ ደጅ እየዞረ የዓሣ አጥማጁንና የድንች ቆፋሪውን ዘፈን በደብተር ለቀመ። ዜማውን እንዳለ ትቶ ቃሉን በእንግሊዝኛ አሳምሮ ጻፈው። እኛ ቤት ከመምጣቱ በፊት ያን ሙሾ ከሁለት መንደር ወዲያ የሰማው አልነበረም፤ ከመጣ በኋላ ለንደን ድረስ ተዘፈነ። ነገር ግን በሱ እጅ የእናት ሙሾ ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ የኮረዳ ዘፈን ሆነ። ስድስት የነበረው የግጥሙ አንጓም አምስት ሆነ።

ስለዚህ ሰው መንደራችን ውስጥ ሁለት ወሬ ነበር። መምህር ጊለስፒ፣ «ፊንባር ትሬሲ ባይደርስላችሁ ኖሮ የአያቶቻችሁ ዘፈን ከአያቶቻችሁ ጋር ተቀብሮ ነበር» ይሉናል። ወደብ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚዘረግፉት ሴቶች ደግሞ «ጭራ ቆራጩ ፊንባር» ይሉታል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ስድስተኛው አንጓ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጠፋ። የጠፋ ነገር ጠፋ ነው፤ ተቀመጪ ናፕላ።»

ተቀመጥኩ። ግን አልጠፋም ነበር። እኔ አውቀዋለሁ።

አክስቴ ስድስተኛውን የምትዘፍነው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ፊት ስትዘፍን አምስተኛው ላይ ታበቃለች። ፊንባር ትሬሲ ስለቆረጠው ፈርታ ነው እል ነበር፤ በመጽሐፍ የወጣ ነገር ሕግ ይመስለኝ ነበርና። ቀደም ሲል ስድስተኛውን በዓመት አንዴ ብትለው ነው። በዚያ ሰሞን ግን ነጋ ጠባ ሆነ። እዚያ ጋ ስትደርስ አባቴ ይነሳና በሩን ይዘጋል። «ነፋስ ገባ» ይላል። በነሐሴ፣ አገራችን በጋ ሆኖ፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን። ምስኪን፣ ብርድ አይችልም እያልኩ አዝንለት ነበር።

አክስቴ የምትዘፍንበት፣ ለፊንባር ትሬሲ የመታሰቢያ ድንጋይ የሚቆምበት እሑድ አሥር ቀን ሲቀረው ረግረጉ ላይ ነበርን። ለብርዱ ወራት ማገዶ እንዲሆን የተቆረጠው አፈር በፀሐይ ደርቆ አባቴና እናቴ ይከምሩታል፤ እኔ ከክምሩ ወዲያ ተቀምጬ ስብርባሪውን በቅርጫት እለቅማለሁ። ትንኝ አንገቴን ይበላኛል። መኖሬን ረስተውታል።

«አትዘፍንም በላቸው» አለች እናቴ።

«ማንን? ቄሱን? ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሻዬን ጠጥተው፣ እሷም በገዛ አፏ እሺ ብላ?»

«እሺ ያለችው የትኛዋ ዩና ናት? የዛሬዋ ናት የጥንቷ? ትናንት እኮ ‹ፌሊም ራቱን በላ?› ብላኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«በላ አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?»

አንዱ የአፈር ጡብ በሌላው ላይ ሲያርፍ እሰማለሁ። ከዚያ አባቴ በቀስታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያወራው አድርጎ፣ «ስንቱን ያስረሳት አምላክ መጨረሻውን ቢያስረሳት ምን አለበት» አለ።

«አሜን» አለች እናቴ። «እጇን የሚይዝላት ማኑስስ? እሱ እንኳ ቢቀር።»

«ጠይቄው ነበር። ‹ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን እጅ ሬዲዮ መጣ ብዬ ልልቀቀው?› አለኝ።»

ቅርጫቱን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ። የገዛ አባቴ አክስቴ በሰው ፊት እንድትዋረድ ይጸልያል፤ እናቴ አሜን ትላለች! ምን በደለቻቸው? ለአንድ ጫማ ነው ይህ ሁሉ? ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ አለ። እናቴ ግንባሬን እየዳሰሰች፣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ስትል እጇን እሸሽ ነበር።

አባቴ በዕድሜው ካደረሰው ጸሎት ሁሉ ያኛው ሳይሻል አይቀርም። ይህን ያወቅኩት ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

የቀረኝ ሰው አያ ማኑስ ብቻ ነበር። በኛ አገር አንድ ሰው የሐዘን ዘፈን ሲዘፍን ብቻውን አይተዉትም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እጁን ይይዝና ከዜማው ጋር በቀስታ ያዞርለታል። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል፤ መንገዱን እጁ ላይ ያለው እጅ ያውቅለታል። የአክስቴን እጅ የሚይዘው ሁልጊዜ አያ ማኑስ ነው። ከወደቡ በላይ ከልጁና ከምራቱ ጋር የሚኖር ሽማግሌ ነበር፤ ጸጉሩ እንደ በግ ጸጉር ነጭ፣ ጣቶቹ እንደ ዛፍ ሥር የተቋጠሩ። እጆቹ አያርፉም። ወይ ገመድ ይቋጥራሉ፣ ወይ ዱላ ይጠርባሉ፣ ምንም ሲታጣ ጉልበቱ ላይ ይሽከረከራሉ።

ስደርስ ደጁ ላይ የሸርጣን ወጥመድ ይጠግን ነበር።

«አያ ማኑስ፣ እጅ መያዝ አስተምረኝ።»

«የማንን እጅ? ባል አገኘሽ እንዴ?»

«አትቀልድ። ዘፋኝ ሲረሳ እጅ ያዡ ምን ያደርጋል?»

ሳቁን ተወው። «ያቀብለዋል። የሚቀጥለውን ቃል በጆሮው ሹክ ይለዋል። እጅ የያዘ ሰው ዘፋኙን መሃል ባሕር ላይ አይጥልም።» ይህን ሲል ድምፁ ሻከረ። ጉንፋን የያዘው መሰለኝ።

«አንተ ዘፈኑን ሁሉንም ታውቀዋለህ?»

«ካወጣችው ሴት ቀጥሎ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ስድስተኛውንም?»

ገመዱ ከጣቱ አመለጠ። «ስድስተኛ አለው ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም። ራሴ አውቀዋለሁ። መምህር ጊለስፒ ጠፋ ይላሉ፤ አልጠፋም።»

ወደ ባሕሩ ዞረ። ታች ያሉት ጀልባዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። «ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «አንድ ሰው ሊያውቀው ይገባል።»

«አንተ ብትረሳ እኔ አለሁ።»

«አልረሳም፣ የኔ ልጅ። መርሳት ለኔ አልተሰጠኝም።»

ከዚያ እጄን ያዘና አሳየኝ። «ቀስ! ቅቤ መናጥ መሰለሽ እንዴ? ሕፃን ስታባብዪ እንዴት ነው የምታደርጊው? እህ፣ እንደሱ።»

እፎይ ብዬ ሄድኩ፤ እፎይታው ግን አልቆየልኝም። በማግስቱ አክስቴ ጸጉሬን እያበጠረች ሦስተኛው አንጓ ላይ ቆመች። ማበጠሪያው አናቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የአንጓውን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ሹክ አልኳት፤ እንደ ጋሪ ከጉድጓዱ ወጥታ እስከ መጨረሻው ሄደች። አንድ ቃል ይበቃታል ማለት ነው። ድንች ስልጥ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ላም ሳመጣ እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ድንቹ፤ ሁለት፣ ጫማው፤ ሦስት፣ ነፋሱ። ስድስተኛው ጋ ስደርስ ጣቴን አጥብቄ እይዛለሁ፤ እሱን በዓለም ላይ ሁለት ሰዎችና አንድ የምትረሳ አሮጊት ብቻ ነን የያዝነው ብዬ።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ መንታ መንገዱ ላይ ተሰበሰበ። ድንጋዩ ሱቁ ግድግዳ ሥር በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ነፋሱ አንሶላውን ሲያነሳው የፊንባር ትሬሲ ስም ግማሹ ብቅ ይላል፣ ይደበቃል። ቄሱ ባረኩ። መምህር ጊለስፒ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ መጨረሳቸው ግን አጠራጣሪ ሆነ።

«እኚህ ሰውዬ ገና ምሳችንንም ሊመርቁልን ነው?» አለች ከኋላዬ አንዷ ዓሣ ዘርጋፊ።

«ዝም በይ፣ ሬዲዮው ይሰማሻል።»

«ይስማኛ! ምናልባት የሚያገባኝ አይጠፋም።»

እኛ ተማሪዎች የፊንባርን ዘፈን በእንግሊዝኛ ዘመርን። እኔ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ከዚያ አክስቴ ዩናን በክንዷ ደግፈው አመጡና ከሱቁ በወጣ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ጥቁር ነጠላ ሻሏን ለብሳለች፤ ጫማዋ የእናቴ ነው። አያ ማኑስ ሣጥን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቀኝ እጇን ያዘ። የሬዲዮው ሰው ማይክሮፎኑን አስተካከለና የቴፑ ክብ መዞር ጀመረ። እኔ ከተማሪዎቹ ሰልፍ ሾልኬ ከወንበሯ ኋላ ቆምኩ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ያላየ መሰልኩ።

ዘፈነች። ያን ቀን እንደዘፈነችው ሰምቼ አላውቅም። ጫማ የምታቃጥለዋ ሴት የለችም። እጆቻቸው አንድ ላይ ይዞራሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ማዕበል የሌለበት ውኃ ላይ እንዳለ ጀልባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛውን አለፈችው! አራት። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጨምቀዋል። አምስት።

በኛ ዘንድ የዘፈን የመጨረሻ መስመር አይዘፈንም፤ እንደ ተራ ወሬ ይነገራል። ዘፋኙ ከሄደበት ወደ ሰዎቹ የሚመለሰው በሱ ነው። አክስቴ በሰው ፊት የምታበቃበት መስመር፣ «በሩን አልዘጋሁም፤ ስትመጣ ግባ» የሚለው ነው። እሱ ብቻ ቀርቷታል። አፏን ከፈተች።

ምንም የለም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ተገልጦ ሰዉን ያያል፤ እነዚህ ሁሉ ደጄ ላይ ምን ይሠራሉ እንደማለት። የቴፑ ክብ ይዞራል። አያ ማኑስ እጇን ማዞሩን አልተወም፤ ግን አያቀብላትም! አንገቱን ደፍቷል። እሱም ረሳ! አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። የረግረጉ ጸሎት ሲደርስ አየሁ።

ሁለት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «በሩን» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር፤ ትናገረዋለች፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ምሳችን እንሄዳለን። ግን እንደዚያ ካልኩ ዘፈኑ ፊንባር ትሬሲ የቆረጠው ቦታ ላይ ሊያልቅ ነው፤ በሱ ድንጋይ ፊት፣ ለዘለዓለም፣ ሬዲዮ ላይ። ጎንበስ አልኩና በጆሮዋ፣ ሰውም በሚሰማው ድምፅ፣ «ማዕበል» አልኳት።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነችና ቀጠለች፦

ማዕበል አልከስም፣ ነፋስም አልወቅስም፤
ውኃ እጅ የለውም፣ ቢላዋ አይመዝም።
ገመድ የቆረጠው ጸጉረ ቀይ ጎረምሳ፣
ምድጃዬ ሥር በልቶ የጠገበ ዓሣ፣

እዚህ ላይ ቆመች። የመጨረሻው መስመር፣ የሚነገረው፣ ቀረ። እኔ ላቀብላት ስል አያ ማኑስ ቀደመኝ። ቀና አለና በሚነገር ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን ለባሕሩ አቅጣጫ፣ ተናገረው፦

«እጁ ዕረፍት አይወቅ እስኪመለስ ልጄ።»

የጨበጨበ የለም። ነፋሱ አንሶላውን ከድንጋዩ ላይ ገፎ መንገድ ላይ ጣለው፤ ያነሳው አልነበረም። ዓሣ ዘርጋፊዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። የሬዲዮው ሰው ብቻ፣ «ድንቅ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ቀድቼ አላውቅም!» ይላል። አባቴ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሲነግረው የጆሮ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ። አያ ማኑስ የአክስቴን እጅ እንደ እንቁላል አድርጎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠ። ተነሳ። ሰዉ መንገድ ከፈተለት፤ ወደ ወደቡ ወረደ። ምራቱ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ተከተለችው።

አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። «ምን አደረግሽ?»

«አልረሳችም! አላየህም? አልረሳችም እኮ!»

ፊቴን አየ፣ አየና፣ እጁ ላላ። «አዎ» አለ። «አልረሳችም።»

ከዚያ በኋላ አያ ማኑስ ቤታችን አልመጣም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣ የነበረ ሰው ቀረ። አክስቴ በሰዓቱ ቀኝ እጇን የወንበሩ ክንድ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። «ማኑስ የት ሄደ? እጄ በረደኝ» ትላለች። ያደረገችውን አታውቅም፤ ድንጋዩንም፣ ሬዲዮውንም አታስታውስም። እናቴ ጓንት አጠለቀችላት። አውልቃ ጣለችው።

በሳምንቱ መምህር ጊለስፒ ቤት ሬዲዮ ልንሰማ ተሰበሰብን። ዘፈኑ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ተቆረጠና ዋሽንት ገባ። «እንደገና ቆረጡት!» ብዬ ስጮህ መምህሩ ራሴን ዳበሱኝ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ አድርገው አያውቁም።

ሰው ሁሉ የተቆጣው በኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ሆኜ በአዋቂ ጉባኤ አፌን ከፈትኩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአያ ማኑስን ሥራ በአደባባይ ቀማሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ።

ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጧል። ገመድ የለም፣ ዱላ የለም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ብቻቸውን ይሽከረከራሉ።

«አያ ማኑስ፣ ማረኝ። ማቀበል ያንተ ነበር፤ ቀማሁህ።»

«ለዚህ ነው የመጣሽ?»

«ሁሉም ሰው ተቆጥቶኛል።»

«ባንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ። በኔ ነው።»

«ባንተ ለምን? ስለረሳህ?»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ያቺን መስመር ሃምሳ ዓመት በሆዴ ስላት ኖሬያለሁ። ያን ቀን በአፌ ወጣች። ቀለለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ስላልገባኝ ወደመጣሁበት ነገር ተመለስኩ። «አክስቴ እጇን ዘርግታ ትጠብቅሃለች። በረደኝ ትላለች።»

«እስካሁን?»

«በየቀኑ። ጓንቱን ትጥላለች።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለች?»

«ማኑስ ነህ እንጂ! ሌላ ማን ትሆናለህ?»

ተነሳ። ምራቱ በሩ ላይ ቆመችበት። «አባ፣ የት ነው? እዚያ ቤት ሄደህ ምን ልትሰማ?»

«የምሰማውን ልስማ። ኮፍያዬን አቀብዪኝ።»

ጸጉሩ ቀይ እንደነበረ ያወቅኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በራሱ ለቅሶ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት ዓሣ ዘርጋፊ ነጭ አናቱን እየዳበሰች፣ «እንደ ቀበሮ ቀይ ነበር እኮ፤ ቀዩ ማኑስ ነበር የምንለው» አለች። የሻይ ስኒ በእጄ እንደያዝኩ ያ እሑድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተገልብጦ ታየኝ። ዐውሎ ነፋስ ነበር፤ ሁለት ጀልባዎች በገመድ ተያይዘዋል። በአንዷ ፌሊም ብቻውን ነው፤ ውኃ ሞልቷት ሌላይቱን ወደ ታች ትስባለች። በሌላይቱ ማኑስ ከሽማግሌ አባቱና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር አለ፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ ቢላዋው በእጁ። ሦስት ሰው አዳነ ወይስ አንድ ሰው ገደለ፣ መንደሩ ተከራክሮ አልጨረሰውም። ልጆች ባሉበት ግን ማንም አያነሳውም ነበር። እኔ እስካነሳሁት ድረስ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ደብሊን ሄጄ የፊንባር ትሬሲን ደብተር አየሁ። ጭራ ቆራጭ አልነበረም። ስድስቱንም አንጓ በኛ ቋንቋ አጥርቶ ጽፎታል። በስድስተኛው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምሮበት፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ልጅቱ ብስክሌቴን ተከትላ እስከ ድልድዩ ሮጠች። ‹እናቴ ጻፈው ብትልህም አታትመው፤ ሰውዬው በሕይወት አለ› አለችኝ። ቃል ገባሁላት።» ልጅቱ ዩና ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የእናትን ሙሾ ምን ነክቶት ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ የኮረዳ ዘፈን እንዳደረገው ዕድሜዬን ሙሉ ስበሳጭ ኖሬ፣ ያን ቀን ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ መበሳጨቱን ተውኩ። ዩና አላገባችም ብዬ ጽፌ ነበር መሰለኝ።

አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ደብተሩን ሙሉውን፣ ያልታተመውንም ጨምሮ ሊያሳትም ነው። የዘፋኟ ዘመድ እኔ ብቻ ስለቀረሁ ፈቃዴን ጠይቀው ጽፈውልኛል። ከደብዳቤው ጋር ያን የድሮ ቴፕ ልከውልኛል፤ የሬዲዮው ሰው አልደመሰሰውም ኖሯል። አክስቴ ስትቆም ይሰማል፤ ነፋሱ ይሰማል፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ፣ በራሷ በጣም የተማመነች፣ «ማዕበል» ትላለች። መልሱን ገና አልጻፍኩም። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው።

ያን ቀን ከአያ ማኑስ ጋር ዳገቱን ስንወጣ እጄን ይዞኝ ነበር። ሰዎች ከየአጥሩ ያዩናል፤ ሰላም ያለን የለም። ደጃችን ስንደርስ ቆመ። በሩ ክፍት ነው። አባቴ ከምድጃው አጠገብ ብድግ አለ፤ እናቴ ማንኪያዋን ጨብጣ ቀረች። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ወደ ፊት አይገባ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። ትንፋሹን እሰማለሁ። ከጎኑ ቆሜ፣ አሁን አባቴ ያባርረዋል፣ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው እላለሁ።

አክስቴ ዩና ከመስኮቱ ዞር አለች። አየችው። የዘረጋችውን እጅ አልሰበሰበችም። ያን እሑድ አፏን ከፍታ ያጣችውን መስመር፣ በዝማሬ ሳይሆን፣ ውኃ አቀብለኝ እንደሚባለው ባለ ድምፅ ተናገረችው፦

«በሩን አልዘጋሁም፤ ስትመጣ ግባ።»

አባቴ ወንበሩን አነሳና አጠገቧ አኖረው። አያ ማኑስ ገብቶ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘ። አክስቴ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። እኔ እጁ እስኪዞር ጠበቅሁ። አልዞረም። ያ የማያርፍ እጅ በእሷ እጅ ላይ ዝም ብሎ ተኛ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ እየላሉ።

ሽማግሌ ነው፣ ዳገቱ አድክሞት ነው አልኩና ሻይ ላመጣለት ተነሳሁ።